የቡሬ በርበሬና «አንዲት የማውቃት ሴት»

ከጥምቀት በፊት ባለው ሰሞን ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው ከተማዋን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በአፍንጫው ያውቃታል። ሚኒባሱ ገና ከተማ ሳይገባ ከኋላ ወንበር አንዱ ያስነጥሳል፤ ከመሃል ሌላው ይቀበለዋል፤ ሹፌሩም መሪውን እንደያዘ ሲያስነጥስ ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። ዘንድሮም እንዲሁ ነበር። በርበሬ ተራ ስደርስ ዛላው ከየጆንያው አፍ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል፤ ነጋዴዎቹ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው በዓይናቸው ብቻ ይስቃሉ። ዋጋ ጠይቄ የነገሩኝን ስሰማ ራሴን ነቀነቅሁ። እኔ ይህንኑ በርበሬ ኪሎውን በሦስትና በአራት ብር፣ ያውም ምርቃት ተጨምሮልኝ የገዛሁ ሴት ነኝ። ይህንን ብነግረው አንዱ ጎረምሳ ነጋዴ «እማማ፣ የያኔውን ብር ይዘው ይምጡ፣ በያኔው ዋጋ እንሸጥልዎታለን» አለኝ። ሳቄ መጣና ሳልከራከር ገዛሁ።

ፍኖተ ሰላም አብሮኝ ለሚኖረው ልጄ የነገርኩት በርበሬ ልገዛ እንደምሄድ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉም አይደለም። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ማህፀኔ ከቦታው ወርዷል። ይህንን መጻፉ አልከበደኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎች ሴቶችን ስለ እሱ ስጠይቅ የኖርኩት ሕመም ነው። ስሙን፣ ደረጃውን፣ ሕክምናውን አውቃለሁ፤ አዋላጅ ነርስ ሆኜ አክሜዋለሁ፤ ኋላም ለወጣት ተመራማሪዎች አስተምሬዋለሁ። በአፌ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ጎረቤቶቼ «እንዴት ሰነበቱ?» ሲሉኝ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ የውኃ ጀሪካን ማንሳት ስተው «እጄን ወለም ብሎኝ ነው» እላለሁ። ሰውን ስታናግር የኖረች ሴት የራሷን አፍ መክፈት አቃታት ብላችሁ ብትስቁብኝ አልቀየምም፤ እኔም ሳስበው እስቃለሁ። ብቻ ዘንድሮ ቆርጬ ተነሳሁ። ቡሬ የመጣሁት ለህሊና ልነግራት ነው።

ህሊና ዛሬ ትልቅ ሰው ናት። በሴቶች ጤና ላይ የሚሠሩ ጀማሪ ተመራማሪዎችን እያሰለጠነች ከአገር አገር ትዞራለች፤ ፀጉሯ ከጆሮዋ በላይ ሸብቷል፤ አትቀባውም። ባለፈው ሳምንት ደውላ «ሲስተር፣ አዳዲስ ልጆች ይዤ ቡሬ ገጠር እወርዳለሁ። እርስዎ ካልመጡ ሥልጠናው አይጀመርም» አለችኝ። «እኔ አሮጊቷ ምን እሠራለሁ?» ብላት «በርበሬ ይቀነጥሳሉ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። መጀመሪያ እኔ ዘንድ ስትመጣ ግን እንዲህ አልነበረችም።

ያኔ የፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አቧራው እስከ ጉልበት ነበር። ዛሬ ባጃጅ በሚሰለፍበት ቦታ ጋሪዎች ይቆሙበት ነበር፤ ፈረሶቹ ጭንቅላታቸው ላይ ቀይ የክር ኳስ አስረው ዝንብ ያባርራሉ። ሻይ በሳንቲም፣ ፓስቲ በሳንቲም ነበር፤ ኪሴ ውስጥ አንድ ብር ካለ እንግዳ መጋበዝ እችላለሁ ማለት ነው። ከመናኸሪያው ማዶ ካሴት ቤት ነበረ፤ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ከጠዋት እስከ ማታ የማሲንቆ ዘፈን ይለቃል። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ቀኑን ሙሉ እሱኑ ስለሚደጋግም፣ የሰፈሩ ሴቶች በየቤታችን ግጥሙን ሳንወድ በግድ እናጠናው ነበር። ከካሴት ቤቱ አጠገብ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ዘርግቶ የሚውል ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። በአገሩ ያሉት የሴት ቀሚሶች ሁሉ የተሰፉት በሱ እጅ ይመስለኛል፤ አረንጓዴ ቴትሮን፣ ታች ላይ ጥልፍ፣ ወገቡ ላይ ሽንሽን። አሁን በረንዳው ሞባይል መሸጫ ሆኗል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የስፌት መኪናው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል፤ ደስም ይለኛል።

ህሊና ከአዲስ አበባ አውቶቡስ የወረደችው እዚያ መናኸሪያ ነው። ጅንስ ሱሪ ለብሳለች፤ ጥቁር መነጽር ግንባሯ ላይ ሰቅላለች፤ ጎማ ያለው ሻንጣ ትጎትታለች። የሻንጣው ጎማ ኮረኮንቹ ላይ ሲንኳኳ አንድ የጋሪ ፈረስ ደነበረና ባለጋሪው በፈረሱ ቋንቋ ሰደባት። ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቷ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ እኔ እንዳሰለጥናት ተመድባለች። አሰልጣኝ ስል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። እኔ ምርምር ውስጥ የገባሁት በመንገድ መሪነት ነው። ገጠሩን የሚያውቅ፣ ሴቶቹ የሚያምኑት ሰው ሲፈለግ «ሲስተርን ጥሯት» ይባላል፤ እመራለሁ፤ ስመራ ስመራ ልጆቹን እያረምኩ፣ እየተቆጣሁ፣ እያጎረስኩ አሰልጣኝ ሆንኩ። ህሊናን በቀጥታ የወሰድኳት ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው። ለካት፣ ደግሞ ለካት፤ ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ሲስተር፣ የዚችን ልጅ ወገብ ፈልጌ አጣሁት» አለኝ። አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳ በመስታወት ስታይ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በኋላ እስኪነትብ ድረስ ለበሰችው።

ጥናቱ ከወሊድና ከከባድ ሸክም በኋላ ማህፀናቸው ስለሚወርድ ሴቶች ነበር። ቀዶ ሕክምናውን በነጻ የሚሠራ የሐኪሞች ቡድን ነበረ፤ ግን የሚመጣው ችግሩ መኖሩ ወደታወቀበት አካባቢ ነው። ጥናታችን «አለ» ካለ ወደ እኛ ሆስፒታል፣ «የለም» ካለ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ይህንን ህሊና ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፤ ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ከቤት ቤት ትዞራለች፤ ውሻ ያባርራታል፤ ኮረብታ ትወጣለች፤ ጫማዋ ተቀዶ በጎማ ጫማ ቀይራዋለች። መጠይቁን ያዘጋጁት ከተማ ያሉ የተማሩ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ይላል። እኛ አገር ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። በወባ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንኳ መጀመሪያ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነው «ትንሽ ብርድ ብርድ ይለኛል» የሚለው፤ ያውም ከተለመነ። አንዴ ደህና ነኝ ብላ ፈጣሪዋን ያመሰገነች ሴት፣ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ «የማህፀን ችግር አለብሽ ወይ?» ስትባል ምስጋናዋን መልሳ አትወስድም። ጥያቄውን ወደ መጨረሻ አወረድነው፤ ያው ሆነ። ባል በሌለበት ጠየቅን፤ ያው ሆነ። አንድ ቀን ህሊና ወረቀቶቿን አልጋዬ ላይ ዘርግታ ስታይ ቆየችና «ሲስተር፣ የምዕራብ ጎጃም ሴት በሙሉ ጤነኛ ናት» አለችኝ። ደስ ብሏት አይደለም፤ ግራ ገብቷት ነው።

እኔ ደግሞ ጤነኛ አለመሆናቸውን አውቃለሁ። አዋላጅ ነኝ፤ በእጄ ያወቅሁት ብዙ ነው። አንዳንዶቹ ሹክ ብለውኛል። ግን የነገሩት ለኔ ነው፣ ለወረቀት አይደለም። «እገሊት አለባት» ብዬ ለህሊና ብጠቁም አንዲትም ሴት ዳግመኛ በራፌን አትረግጥም ነበር፤ ትክክልም ናቸው። ራሳቸው መናገር ነበረባቸው። ይህንን ለህሊና ስነግራት ጥፍሯን እየነከሰች «ታዲያ እንዴት?» አለችኝ። «እኔም አላውቅም» አልኳት። አሁን ወጣቶቹ ታብሌት ይዘው ሲመጡ አያለሁ፤ ጣታቸውን ነካ ሲያደርጉ መልሱ ወዲያው አዲስ አበባ ይደርሳል ይላሉ። ይድረስ፤ ደስ ይለኛል። «ደህና ነኝ» የሚለውም መልስ ያው በዚያው ፍጥነት ይደርሳል።

የጥናቱ ኃላፊ ከባሕር ዳር ይመላለሱ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የቸኮሉ ሰው ነበሩ። ወረቀቶቹን አገላብጠው «ልጄ፣ መረጃው የሚለው ግልጽ ነው። እስከ ጥምቀት አዲስ ነገር ካልመጣ ሪፖርቱን እዘጋለሁ፤ ሐኪሞቹም ወደሚፈለጉበት ይሄዳሉ» አሏት። ህሊና ያን ዕለት ምሳ አልበላችም። እኔ ደግሞ በማግስቱ ቡሬ አጠገብ ካለች መንደር፣ እትዬ የውብዳር ዘንድ ተጠርቼ ነበር። እትዬ የውብዳር ልጆቻቸውን ያዋለድኩላቸው፣ የተከበሩ፣ ቀልድ የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ የትልቋን ልጃቸውን የስመኝን ሠርግ ለጥር ደግሰው ጎረቤቱን ሁሉ ለድግሱ በርበሬ ጠርተዋል። ህሊናን ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ትቻት መሄድ አልሆነልኝምና «ተነሺ፣ በርበሬ እንቀነጥሳለን። ወረቀትሽን እዚሁ ተዪው» አልኳት።

ግቢው ውስጥ ሰሌን ተነጥፎ ዛላው መሃል ላይ ክምር ሆኗል። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስረዋል። «ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ እትዬ የውብዳር።

«ሥራ ልትማር የመጣች ልጄ ናት።»

«ምን ሥራ?»

«ለዛሬ በርበሬ መቀንጠስ ነው።»

«እሰይ! በይ ነይ የኔ ዓለም፣ እዚህ ተቀመጭ» ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት። በርበሬ መቀንጠስ ቀላል ነው፤ ጭራውን ይዘህ ትነቅላለህ፣ ፍሬው ይንኳኳል፣ ወደ ሰፌዱ ትጥላለህ። ከባዱ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ፊትህን መንካት ክልክል ነው። ይህንን ለህሊና ነግሬያታለሁ። ነገር ግን የከተማ ልጅ ፀጉሯ ዓይኗ ላይ ሲወርድ እጇ ሳታዝዘው ይሄዳል። አሰቃቂ ጩኸት ጮኸች። እትዬ የውብዳር ራሷን ጎትተው ጭናቸው ላይ አስተኟት፤ አንዷ ቀዝቃዛ ውኃ አመጣች፤ ሌላዋ እጇን በአሬራ አጠበቻት። አንዷ ደግሞ፣ ህሊና ወረቀቷን ይዛ ከቤት ቤት ስትዞር ያየቻት፣ የአገሬ ሴት ዝም ብላ አታልፍም፣ ያንኑ ሰዓት ግጥም አወጣችላት።

*ስትጠይቅ መጥታ ስትጠይቅ ውላ፣*
*አስለቀሳት ዛሬ የጓሯችን ዛላ።*

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ህሊናም ከጭናቸው ላይ ሳትነሳ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ አለቀና እንባው አላለቀም። ዓይኗ ጠርቷል፤ በርበሬው ከታጠበ ቆይቷል፤ እሷ ግን ታለቅሳለች። «አልቆም አለኝ» አለች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ስለ እናቷ ተናገረች። እናቷ ገበያ ሸቀጥ እየተሸከመች ነው ያሳደገቻት። እናትና ልጅ በአንድ አልጋ ነበር የሚያድሩት። እናቷ ስትሞት ገላዋን ያጠቡት የሰፈር ሴቶች ናቸው፣ ማህፀኗ ወርዶ ለዓመታት በጨርቅ አስራው እንደኖረች ለህሊና የነገሯት። «እኔ አጠገቧ ተኝቼ አላወቅሁም። ስጠይቃት ደህና ነኝ ትለኝ ነበር» አለች። አብራኝ በኖረችባቸው ወራት ይህንን አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔ አሰልጣኟ ነኝ ባይዋ፣ ልጅቷ ለምን ይህንን ሥራ እንደመረጠች ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ሴቶቹ እጃቸው ከበርበሬው አልተነሳም። የሁሉም ዓይን ይወርዳል፤ የማን እንባ ከበርበሬ፣ የማን ከሆድ እንደሆነ የሚለይ ሰው የለም። እትዬ የውብዳር የህሊናን ፀጉር በክንዳቸው ወደ ኋላ እየመለሱ «አልቅሽ ልጄ፣ አልቅሽ። በርበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው ለምን አለቀስሽ ተብሎ አይጠየቅም» አሏት። ከዚያ ሰፌዱን እያዩ፣ «አንዲት የማውቃት ሴት አለች» አሉ። «እንዳንቺ እናት ያለ ነገር አግኝቷታል። መቀነቷን አጥብቃ ትውላለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ውጭ ዛፍ ሥር ነው የምትቆመው፤ ሽንቷ አልታዘዝ ስላላት መቅደሱን ትፈራለች።»

ህሊና ቀና ብላ «ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለች። ያ መጠይቅ አጥንቷ ድረስ ገብቷል።

«ህሊና፣ በርበሬሽን ቀንጥሺ» አልኳት።

አቀረቀረች። ከማዶ፣ ቡሬ ዙሪያ ካሉት የአዊ ቤተሰቦች ተድረው የመጡ አንዲት ዝምተኛ ሴት «እኔም አንዲት አውቃለሁ» አሉ። ቀጥሎ ሌላዋ። ጥያቄ የለም፣ ስም የለም፤ ሁሉም የሚያውቋት አንዲት ሴት አለች። አንዷ እንጨት ተሸክማ ስትመለስ ነው የጀመራት፤ አንዷ አራስነቷን ሳትጨርስ ውኃ ቀድታ ነው። እኔ ከሴቶቹ ግማሹን አዋልጄ፣ እንዲህ ያለ ወሬ በአንድ ላይ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ህሊና ዝም ብላ ስትቀነጥስ ቆየችና ቀስ ብላ፣ እትዬ የውብዳርን ሳታይ፣ «ያቺ ሴት ብቻዋን ናት?» አለች።

«ባሏስ ደግ ነው። ግን ለወንድ ምን ብላ ትነግረዋለች?»

«ሐኪም ቢገኝ ትሄዳለች?»

እትዬ የውብዳር አንድ ዛላ አገላብጠው አዩ። «አብሯት የሚሄድ ሰው ካገኘች።»

«እኔ አብሬያት እሄዳለሁ» አለች ህሊና።

በሚቀጥሉት ሳምንታት መጠይቁን እንደገና ሠራነው። «አለብሽ ወይ?» የሚለው ወጥቶ «እንዲህ ያለ ነገር ያገኛት የምታውቂያት ሴት አለች ወይ?» የሚለው ገባ። ወደ ሄድንበትም ቤት ሁሉ እጃችንን ይዘን አልተቀመጥንም፤ ጥጥ እየፈለቀቅን፣ ጎመን እየቀነጠስን፣ የሚሠራውን እየሠራን ነው። ህሊና ይህንን ለኃላፊያችን ስታቀርብ እኔ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሰውየው የዚያን ዕለት ጥርሳቸውን አሟቸው ጉንጫቸው አብጦ፣ በሻርፕ ከአገጭ እስከ አናት ታስረው ነው የመጡት። «የምታውቂያት ሴት ማለት ምን ዓይነት መረጃ ነው? ሰው ስለ ራሱ ነው መጠየቅ ያለበት» አሉ፤ አፋቸውን ሙሉ ለሙሉ መክፈት እንኳ አቅቷቸዋል። ህሊና ትንሽ አየቻቸውና እጅ ነስታ «ለመሆኑ ጌታዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

እሳቸውም የተናገሩት ገባቸው። እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ከዚያ ሰውየው መሳቅ ጀመሩ፤ ጥርሳቸው ስለሚያማቸው ጉንጫቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ወይኔ፣ ወይኔ» እያሉ ሳቁ። ሪፖርቱን አልዘጉትም። ያን ዕለት ህሊናን ሳያት፣ ከአውቶቡስ ሻንጣ ስትጎትት የወረደችው ልጅ ተመራማሪ ሆናለች ብዬ በልቤ አልኩ፤ ኮራሁባት።

ሐኪሞቹ መጡ። ሠርጉ አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ህሊና ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ «ያቺን ሴት» ትጠብቃለች። ረፋዱ ላይ እትዬ የውብዳር ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀስ ብለው እየተራመዱ መጡ። አጠገቧ ሲደርሱ ዙሪያቸውን አይተው «ያቺ ሴት መጥታለች። በይ ቃልሽን አክብሪ» አሏት። ህሊና እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላ እንኳ፣ አልጋው ላይ ተኝተው ስጠይቃቸው «ያቺ ሴት ደህና ናት፤ ብቻ ሾርባው ጨው የለውም ትላለች» ይሉኝ ነበር። ለትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ዛፉን አለፉት፤ በሩን ተሳልመው ወደ ውስጥ ገብተው ከሴቶቹ መሃል ቆሙ። አለቀስኩ። ያን ዕለት በአካባቢው አንድ ፍሬ በርበሬ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ስንት ወጣት በእጄ አለፈ! ከደምበጫ የመጣው ዓይን አፋር ልጅ «ወር አበባ» ለማለት ሦስት ቀን የፈጀበት፤ ግሽ ዓባይ አጠገብ ጠበል ልትጠመቅ የመጣችውን ሴት በእርጥብ ልብሷ ልትጠይቅ የሄደችው፤ ከሴትየዋ በርጩማ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ለምን አትመልስልኝም?» የምትለው። ሁሉንም ተቆጥቻለሁ፣ ሁሉንም አጉርሻለሁ። አንዳንዶቹ ዛሬ ዶክተር ተብለው ሲደውሉልኝ ድምፃቸው ያው የያኔው ነው። የኔ ስም ከጥናቶቹ መጨረሻ፣ ከምስጋናው ላይ ይገኛል፤ አንዳንዴም «ሲስተር» ብቻ ተብሎ። ይበቃኛል። የዛሬ ልጆች ከእኛ ይሻላሉ፤ እንግሊዝኛቸው ይፈስሳል፣ ሒሳቡን በአንድ ቀን ይጨርሱታል፤ ልባቸውም ደግ ነው። ትንሽ ይቸኩላሉ። እኛም እንቸኩል ነበር፤ እኛን ግን አውቶቡሱ ራሱ ስለሚዘገይ አይታወቅብንም።

እንግዲህ ዘንድሮ በርበሬዬን ገዝቼ ህሊና ወዳለችበት መንደር ሄድኩ። ያው ግቢ ነው። እትዬ የውብዳር ዕድሜ ጠግበው ካረፉ ቆይተዋል፤ ያኔ ሙሽራ የነበረችው ስመኝ ዛሬ በተራዋ ልጇን ልትድር በርበሬ ጠርታለች። ሣር ቤቱ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ሰሌኑ በሸራ ተተክቷል፤ ክምሩ ያው ነው። ህሊና ሠልጣኝ ልጆቿን ታብሌታቸውን በር ላይ አስፈትታ፣ ከሴቶቹ መሃል አንድ አንድ አድርጋ አስቀምጣቸዋለች። እኔን አይታ ተነሳችና ጉልበቴን ልትስም ስትል ትከሻዋን ያዝኳት። ተቃቅፈን ቆየን። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። «እንዴት ነዎት ሲስተር?» አለችኝ ቀድማ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። አፌን በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ።

ተቀመጥን። በአንድ በኩሌ ህሊና፣ በሌላ በኩሌ ቤዛ የምትባል አዲስ ሠልጣኝ ናት፤ ቀጭን፣ ንቁ፣ ወገቧ የጠፋ ልጅ። ስመኝ ስለ እናቷ ታወራለች፤ ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔ እቀነጥሳለሁ። እግሬን ማጠፍ ስላልቻልኩ ወደ ጎን ዘርግቼዋለሁ፤ ህሊና አንዴ እግሬን አየች፣ አንዴ መቀነቴን አየች፣ ምንም አላለችም። እኔ ነኝ ዝም ማለትን ያስተማርኳት። በርበሬው ዓይኔን ለበለበው፤ እንባዬ መውረድ ጀመረ። በክንዴ ጠረግሁት፣ ደግሞ ወረደ። የልጅነት ጎረቤቶቼ፣ እናቴ፣ እትዬ የውብዳር፣ ዛፉ ሥር የቆሙት ሴቶች ሁሉ አብረውኝ የተቀመጡ መሰለኝ። ፈርቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ምን እንደፈራሁ አላውቅም።

«አንዲት የማውቃት ሴት አለች» አልኩ።

የህሊና እጅ ዛላው ላይ ቆመ። ወዲያው ደግሞ መቀንጠሱን ቀጠለች። ቀና አላለችም።

«ከክረምት ጀምሮ ነው» አልኩ። «አሮጊት ናት። ሌሎችን ስታሳክም የኖረች ናት፤ የራሷን ግን መናገር አፈረች።»

«ያቺ ሴት ብቻዋን ናት?» አለች ህሊና።

«ልጅ አላት። ግን ለወንድ ልጇ ምን ብላ ትነግረዋለች?»

«እንግዲያው ይንገሯት። ሰኞ ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ።» ጭራውን ነቀለች፣ ፍሬውን ወደ ሰፌዱ ጣለች። «ትመጣለች?»

«ትመጣለች» አልኳት። ሌላ ዛላ አነሳሁ።

ይህን ጊዜ ከወዲያ በኩሌ ቤዛ አንገቷን ብቅ አደረገች። ዓይኗ በበርበሬ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን በትጋት በርቷል። «ይቅርታ ሲስተር፣ ሴትየዋ ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለች።

ህሊና ከክምሩ ቀና ሳትል «ቤዛ፣ በርበሬሽን ቀንጥሺ» አለቻት።